በሬው በማን እጅ ይታረድ?

የተማረ ሰው ሁሉን ያስባል ያለው ማን ነው? ካገኛችሁት እኔን አሳዩት። በጃንሆይ ዘመን እስቴ ውስጥ ሳስተምር፣ ጥምቀት እንዳለፈ በዋለ ቅዳሜ፣ የወላጆችን ቀን ድግስ የማሰናዳት ታላቅ ሹመት ተሰጠኝ። ዳሱን አስጣልኩ፣ ሰንደቁን አሳጠብኩ፣ ወላጆች ባዋጡት አንድ የሰባ በሬ ገዛሁ። አንድ! ጉዴ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ቢላዋው ሲሳል ሸማኔው አቶ ይማም ቀረብ አሉና፣ በሬው በማን እጅ እንደሚታረድ በትሕትና ጠየቁኝ። ክው አልኩ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይቀምስም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይነካም፤ ይህን ያገሬ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ዲስኩሬን ሳሳምር ዘንግቼዋለሁ!

የአቶ ይማም ልጅ ዘይነባ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ሽልማቷን ትጠብቃለች። ካሉን ተማሪዎች ሙስሊሟ እሷ ብቻ ናት። ለእነሱ ለብቻ ቆሎ ይቅረብላቸው የሚል ብልህ አልጠፋም። አቶ ይማም አልተቆጡም፤ የከፋው እሱ ነው። እኔ ባዋጣሁበት ድግስ ባዕድ ከሆንኩ ልጄም እዚህ ባዕድ ናት፣ ካሁን ወዲያ ቤቷ ተቀምጣ ጥጥ ትፍተል አሉና እጇን ይዘው ተነሡ። የልጅቱ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

ይኼኔ የግብረ ገቡ መምህር የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኒህ ሰው አጽዋማትን በጣታቸው ቆጥረው የሚያወጡ፣ በጾም ነገር ቀልድ የማያውቁ ሊቅ ናቸው። ዛሬ የፈቃድ ጾም ላይ ስለሆኑ ሥጋ በፊታቸው እንዳይቀርብ አስታወቁ። በቅዳሜ! በፍስክ! ግን የኔታ እየጾሙ ማን ደፍሮ ይቆርጣል? ጭቃ ሹሙ እሳቸውም መጾማቸው ትዝ አላቸው፤ ርእሰ መምህሩ ተከተሉ። ሥጋ ሊበላ የመጣው ሕዝብ ባንድ አፍታ ጿሚ ሆኖ አረፈው። በሬው ተፈትቶ ሣሩን ሊግጥ ሄደ። ከየቤቱ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ጎረፈ፤ የኔታና አቶ ይማም ካንድ መሶብ እየተጎራረሱ በሉ። ዘይነባም ተሸለመች። አባቷ ሰኞ ራሳቸው እንደሚያደርሷት ሲነግሩኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ የኔታን ጠጋ ብዬ፣ ጠዋት አብረን አንድ ቅል እርጎ ጨርሰን የለም ወይ አልኳቸው። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጾሙ የገባው ከእርጎው በኋላ ነው አሉኝ።