ምሳ ፍለጋ ከጌታሁን ጋር

ምግብ ቤት ገብቶ መርጋት የማይችል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው ጓደኛ ጌታሁን ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሠርቶ ከተመለሰ ወዲህ የጎንደር ምግብ ቤት ሁሉ አልጥመው አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ አባት፣ አያ መኮንንን፣ ከአዲ አርቃይ ጠርቶ ምሳ ጋበዛቸው። እኔም ተከተልኩ። ሽማግሌው እሺታቸውን ገና አልሰጡም።

የመጀመሪያው ቤት ጠበበው። ከሁለተኛው፣ ካዘዝን በኋላ፣ «ፒያሳ ይሻላል» ብሎ አስነሣን። ፒያሳም የቀረበልንን ዓሣ አሽትቶ «ይሄ የባሕር አይደለም» አለ። የጣና ዓሣ እንዴት የባሕር ይሁን?

ወደ ሌላ ቤት ሊወስደን ባጃጅ ሲጠራ፣ አያ መኮንን መንገድ ዳር ካለች ሽሮ ቤት ገብተው እጃቸውን ታጠቡ።

«ምነው አያ፣ እዚህ?» አለ ጌታሁን በር ላይ ቆሞ።

«ሸጋ ልጅ ነህ» አሉት። «ግን አንድ ወንበር ላይ መርጋት ያቃተህ፣ ከአንዲት ሴት ጋር ትረጋለህ?»

ጌታሁን ዘሎ ገብቶ ተቀመጠ፤ ሽማግሌው «በቃህ» እስኪሉት ድረስም አልተነሣም።