ጀልባዋ በአራተኛው ሲዝን ትመጣለች

በዚህ ዓለም ላይ ፊልም የሚያይ ሰው ሞልቷል። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ዓይንን መክፈት ችሎታ አይጠይቅም፤ አንዳንዱማ ዓይኑንም ሳይከፍት ያያል። ፊልም የሚጠቁም ሰው ግን፣ ትከሻህን ጨብጦ «ይኼን ሳታይ እንዳትሞት» የሚልህ ሰው፣ በአንድ ትውልድ አንዴ ቢወለድ ነው። በእኛ ትውልድ የተወለደው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ሐቁ በእጄ ስላለና ሌላ የሚናገርልኝ ሰው እስካሁን ስላልተገኘ ብቻ ነው።

በመሥሪያ ቤቴ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ወንበርና ጠረጴዛ መቁጠር እንጀራዬ ነው፤ ተከታታይ ፊልም መጠቆም ደግሞ ጥሪዬ። ለሥራ ባልደረባ፣ ለዘመድ አዝማድ፣ በሊፍት ውስጥ ለማገኘው መንገደኛ፣ መሣሪያውን አፌ ውስጥ ለከተተው ጥርስ ሐኪሜ ሳይቀር ያለ አንዳች ክፍያ ሰፊ አገልግሎት ሰጥቻለሁ። ውጤቱም አመርቂ ነው። የሒሳብ ሹሙ ጥቆማዬን ተቀብሎ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ዝውውር ጠየቀ። የባለቤቴ ወንድም ስልክ ቁጥሩን ቀየረ። ጥርስ ሐኪሙ ማደንዘዣውን ገና በሩ ላይ ሲያየኝ መውጋት ጀመረ፤ ጥርስ ለማጽዳት ብሄድም ይወጋኛል። አንድ ጥቆማ የሰውን ሕይወት ምን ያህል እንደሚለውጥ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ጎድሎኝ ኖሯል። ብዙዎች ጀምረውልኛል፤ የጨረሰልኝ የለም። በተለይ ዋናውን፣ የጥቆማዎቼን ሁሉ አውራ። ስሙን እዚህ ብጠቅሰው ማስታወቂያ ይመስልብኛልና ልለፈው። ስምንት ሲዝን ያለው፣ በአንዲት ደሴት ላይ ብቻውን ስለሚኖር ዳኛ የሚተርክ ታላቅ ሥራ ነው። ዳኛው የሚፈርድበትን ወንጀለኛ ይዛ የምትመጣ ጀልባ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ሲዝን ይጠብቃል። በሁለተኛው ሲዝን መጠበቁ ይጠልቃል። በሦስተኛው ደግሞ ዝናብ አለ። «ጀልባዋ በአራተኛው ሲዝን ትመጣለች» እላለሁ ለሁሉም፤ «እስከዚያ ታገስ»። የዘንድሮ ሰው ግን ትዕግሥት አልፈጠረበትም። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው አይቶ «ልክ ነበርክ» ቢለኝ በሰላም ጡረታ እወጣ ነበር።

በዚህ ምኞት ላይ እያለሁ ነው አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ጎረቤቴ የወደቀው።

ጎረቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሁሉ በመኪና መሐል ሲሹለከለክ አንድ ቀን እንኳ ያልተጫረ ሰው፣ የገዛ ሕንፃችን ደረጃ ላይ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ገና ወልውላው የሄደችው ሴራሚክ አንሸራቶት እግሩ ተሰበረ። ከጣቱ እስከ ጉልበቱ በላይ ጄሶ ተጠቀለለለት። ሐኪሙም እኔ ካላልኩህ መሬት እንዳትረግጥ ብሎ አስጠነቀቀው። ወሬውን እንደ ሰማሁ ልጠይቀው ደረጃውን ተያያዝኩት። እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ከልቤ አዝኜ ነበር። አራተኛው ላይ ስደርስ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለብኝ፤ ይህ ሰው የትም አይሄድም።

ሳሎናቸው ጠበብ ያለች ናት። በአንዱ ጥግ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ተክላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ሰማያዊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ወለሉን ሞልቶታል። በመስኮቱ ሥር ሹፌሩ ሶፋው ላይ ተንጋሏል፤ ጄሶ የለበሰው እግር በሁለት ትራስና በተጣጠፈ ካፖርት ላይ እንደ ክቡር እንግዳ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን። እጁ ላይ ሪሞት። ፊቱ ላይ፣ ለእውነት ስል ልናገረው፣ ደስታ።

የደስታውን ምክንያት ራሱ ነገረኝ። ሥራ ከያዘ ወዲህ እንዲህ ተጋድሞ አያውቅም። ከንጋት እስከ ምሽት ፊቱ መንገድ፣ ጀርባው ተሳፋሪ ነው፤ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳይፈታ እንቅልፍ ይጥለዋል። አሁን ግን ደረጃው ይባረክና፣ አንዲት የሚወዳት አሮጌ ኮሜዲ አለች፤ እሷን እየደጋገመ ሊያይ ነው። ከማየቱ ብዛት ቀልዱ ሳይደርስ ነው የሚስቀው።

«አእምሮዬን ላሳርፈው ነው፣ ወንድሜ» አለኝ።

ጥያቄው በጥሞና ተደመጠ፤ ከሁሉም አቅጣጫ ታየ፤ ውድቅ ተደረገ። ሪሞቱን በቀስታ ከእጁ ወሰድኩት።

በማግሥቱ የክትትልና ግምገማ ሥርዓት ዘረጋሁ። ጠዋት ከቢሮ እደውላለሁ፤ የት ደረስክ? ምሳ ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ ዳኛው መሳቢያው ውስጥ ምን ከተተ? ሲመሽ በአካል ተገኝቼ የዕለቱን አፈጻጸም እገመግማለሁ። ሹፌሩ መሳቢያውን ልብ አላለም ነበር። መሳቢያ ያመለጠው ሰው ጀልባ እንዴት ይገባዋል ብዬ ወደ ኋላ መለስኩለት። ቁም ነገር ያለበት ቦታ ሲደርስ «አሁን፣ አሁን፣ ልብ በል» እለዋለሁ፤ ምኑን ለማለት ወደ እኔ ሲዞር ቦታው ያልፋል፤ እንደገና እመልስለታለሁ። እኔ ስክሪኑን አላይም። ጠቋሚ ማለት ፊልሙን ሳይሆን ፊልሙ የሚያርፍበትን ፊት የሚያይ ሰው ነው። ያ ፊት በየቀኑ እየጠወለገ ሄደ፤ እኔም ተመስጦ ነው ብዬ ያዝኩት። አንድ ቀን ለሩብ ሰዓት ብቻ ኮሜዲዬን ልይ ብሎ ለመነኝ። ሽልማት ይሆንሃል፣ ከአራተኛው ሲዝን በኋላ አልኩት።

ሚስቱ በደህናው ጊዜ አንተ ነበር የምትለኝ። በዚያ ሰሞን ወደ አንቱ አሳደገችኝ። ዳኛው አፉን በከፈተ ቁጥርም የስፌት መኪናዋ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ ተመራምሬ አልደረስኩበትም።

«እርስዎ ቤት ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል?» አለችኝ አንድ ምሽት፣ ክር በመርፌ እያስገባች።

«ኧረ ደህና ነው።»

«ባለቤትዎስ ደህና ናቸው?»

«እሷም ደህና ናት።»

«ታዲያ ማን አባረረዎት?» አለችና መኪናዋን ረገጠችው።

ባሏ ግን ጨዋ ሰው ነው። በዚያኑ ምሽት፣ ዳኛው ለአሥራ ምናምነኛ ጊዜ ወደ ባሕሩ ሲመለከት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ጠየቀኝ።

«ጎረቤት፣ ይቺ ጀልባ መቼ ነው የምትመጣው?»

«በአራተኛው ሲዝን።»

«አሁን ስንተኛው ላይ ነን?»

«የመጀመሪያው ላይ። ታገስ እንጂ፣ ገና መሠረት እየጣልን ነው።»

 «እኔ አውቶቡስ እንዲህ ባስጠብቅ ሕዝቡ በድንጋይ ነበር የሚቀበለኝ» አለ። ትንተናው ጥልቅ ሆኖ ስላገኘሁት በማግሥቱ ለባልደረቦቼ አካፈልኳቸው።

ሁለተኛውን ሲዝን በጀመርን ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩን አንኳኳሁ። ሚስቱ ከፈተችልኝ። ሶፋው ባዶ ነው። ካፖርቱ ላይ የጄሶው ቅርጽ እንዳለ ጎድጉዷል።

«የታለ?»

«ሄደ።»

«በምን?»

«በእግሩ» አለች፣ ከዚያን ቀን በፊት አይቼባት በማላውቀው ፈገግታ።

ታናሽ ወንድሙ ቤት፣ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ድረስ ነበር የሄደው፤ ስልኩንም ዘግቶታል። መንገድ ላይ ሐኪሙ ዘንድ ገብቶ ኖሮ፣ ሐኪሙ ደንግጦ አገላብጦ ቢያየው አጥንቱ ደህና ገጥሟል። እኔ ሕመምተኛን ተነሥ ተራመድ እያልኩ ስማጸን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንተን ማን አስነሣህ ብሎ ቢጠይቀው፣ ሹፌሩ «ጎረቤት» ብቻ ብሎ መለሰ አሉ። ሌላው ቢሆን ይህን ሰምቶ ይኩራራ ነበር። እኔ ግን በትሕትና ሰኞ ዕለት በሠራተኞች ስብሰባ ላይ፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር አነሣሁት።

«ክቡራን ባልደረቦቼ» አልኩ ቆሜ፣ «ጥቆማ እስከ ትናንት መዝናኛ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሕክምና ነው።»

ጭብጨባው የደመቀ ነበር፤ የምሳ ሰዓት መድረሱም ሳይረዳው አልቀረም። ስንወጣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃኝ፣ ለአማቷ የሚሆን፣ በተቻለ መጠን ረዘም ያለ ነገር እንድጠቁማት በጆሮዬ ጠየቀችኝ። አማቷ እሷ ቤት ሊጠይቁ ከመጡ ሰነባብተዋል። ዳኛውን ጠቆምኩላት። በሳምንቱ አማቷ አገራቸው ገቡ፤ እኔም ዝናዬ ከሦስት መምሪያዎች አልፎ እስከ ጥበቃዎቹ ደረሰ።

ትልቅ ሰው ሲሆኑ ትንሽ ነገር ይጥላል። ቤቴ ያለው ዋይፋይ ቁም ሣጥን ላይ ስለሆነ ይቆራረጣል። አንድ ምሽት፣ ለአዳዲስ ታካሚዎቼ የሚሆን ነገር ስመርጥ መስመሩ ቢቋረጥብኝ፣ ከመሥሪያ ቤት በተወገደ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ወጣሁና እጄን ዘረጋሁ። ወንበሩ ዞረ። እኔ አልዞርኩም።

«ዕድሜህን ሙሉ ወንበር ስትቆጥር ኖረህ» አለች ባለቤቴ አምቡላንስ እስኪመጣ፣ «የትኛው እንደሚሽከረከር አልነገሩህም?»

ከጣቴ እስከ ጉልበቴ በላይ ጄሶ ተጠቀለለልኝ። ሐኪሙም እኔ ካላልኩህ መሬት እንዳትረግጥ አለኝ።

መጀመሪያ ሊጠይቀኝ የመጣው ሹፌሩ ነው። ከዘራ ይዟል፤ ሚስቱ ከኋላው የሚሰፋ ጨርቅ በፌስታል አንጠልጥላ ትከተለዋለች። እግርጌዬ ተቀመጠ። እንደ ወጉ ሕመሙን ጠየቀኝ፣ ይማርህ አለ፣ ጄሶውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ጨረስኩት» አለ።

«ምኑን?»

«ዳኛውን። ስምንቱንም።»

ወንድሙ ቤት መጀመሪያ ኮሜዲዋን እያየ እስኪጠግብ ስቆ ነበር። ስለ መሳቢያ የሚጠይቀው የለም፤ አሁን ልብ በል የሚለው የለም። ኋላ ግን ጋደም ባለ ቁጥር ያቺ ጀልባ እየመጣች አላስተኛ አለችው። የሚነዘንዘው ሰው ስለሌለ ካቆመበት ቀጥሎ እስከ መጨረሻው አየው።

እንባዬ መጣ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው! ባለቤቴን ከወጥ ቤት ጠርቼ ምስክር ትሆነኝ ዘንድ በሩ ላይ አቆምኳት።

«ልክ ነበርክ በለኝ እስቲ» አልኩት።

«ቆይ» አለ። «መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጀልባዋ ስትመጣ ምን ተሰማህ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ትራሴን አስተካክዬ ተናገርኩ። ጭጋጉ ሲገለጥ፣ ነጯ ጀልባ በጎኗ ሰማያዊ መስመር እንዳላት ብቅ ስትል፣ ጡሩምባዋ ሲነፋ፣ ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ሲያለቅስ ምን ያህል እንዳለቀስኩ፣ ያን ዕለት ራት እንኳ እንዳልበላሁ በዝርዝር አስረዳሁ። ባለቤቴ ራት ያልበላሁበትን ቀን ለማስታወስ ግንባሯን ቋጠረች። ሹፌሩ ቀይ መብራት ላይ እንደ ቆመ ሰው ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

«ነጭ ናት?»

«ነጭ።»

«ሰማያዊ መስመር ያላት።»

«በጎኗ።»

ራሱን ነቀነቀ። «በአራተኛው ሲዝን ባሕሩ ይደርቃል» አለ በለሆሳስ። «ዳኛው መጠበቁ ሲመረው ተነሥቶ በእግሩ ይሄዳል። ጀልባ የለም። እስከ ስምንተኛውም የለም።»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ባለቤቴ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ ከዚያም የሳቅ ይሁን የሳል ያልለየሁት ድምፅ መጣ።

«ምናልባት» አልኩ በክብር፣ «የተለያየ ቅጂ ደርሶን ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ ሹፌሩ ሳይከራከረኝ። «ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ጀምረን አብረን የምናየው።» እጁን ዘርግቶ ሪሞቱን በቀስታ ከእጄ ወሰደው።

ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ክትትልና ግምገማው ወደ እኔ ቤት ተዛውሯል። ጠዋት ከመናኸሪያ ይደውልልኛል። ምሳ ሰዓት ላይ መሳቢያውን ይጠይቀኛል፤ መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ ለካ እኔም አላውቅም። ሲመሽ ሚስቱን አስከትሎ ይመጣል፤ እሷ ከባለቤቴ ጋር ዩኒፎርም እየሰፋች ታወጋለች፤ እንደገና አንተ ትለኛለች። እሱ ስክሪኑን አያይም፤ የሚያየው የእኔን ፊት ነው። ትናንት ማታ ዳኛው ወደ ባሕሩ ሲመለከት ትዕግሥቴ አለቀና፣ አራተኛው ሲዝን ገና ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ታገስ እንጂ፣ ጎረቤት» አለኝ፣ «ገና መሠረት እየጣልን ነው።»

እንግዲህ የጥቆማ ሕክምናን የምትጠራጠሩ ካላችሁ፣ የመጨረሻውን የምርምር ውጤት በታላቅ ኩራት እነሆ። ሐኪሜ መሬት እንዳልረግጥ እንዳዘዘኝ ነው፤ ትእዛዙ አልተነሣም። ዛሬ ጠዋት ግን፣ ሹፌሩ ከመደወሉ በፊት፣ ከነጄሶዬ ተነሥቼ እስከ ደረጃው ድረስ ሄጃለሁ።