የድንጋዩ ምስጢር ጥበቃ ጽሕፈት ቤት

በከተማዋ እምብርት የቆመው ጥንታዊ ድንጋይ እጅግ የተከበረ ነው። የተከበረውም ምን እንደተጻፈበት የሚያውቅ ስለሌለ ነው። አሮጊቶች የተቀበረ ወርቅ ይጠቁማል ይላሉ፤ ጎረምሶች ደግሞ የፍቅር መድኃኒት ነው ብለው ይምላሉ። ይህን ታላቅ አለማወቅ ከአደጋ ለመጠበቅ አንድ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሟል። ሠራተኞቹ በየማለዳው ድንጋዩን ከብበው በጥሞና ያዩታል፤ «አሁንም ምስጢር ነው» ብለው ይፈርሙና በየወንበራቸው ያርፋሉ።

ኃላፊው ጸጉራቸውን ያሸበቱት በዚህ አገልግሎት ነው። ጽሑፉ እንዳይለቅ ሲሉ ድንጋዩን ማጠብ ከልክለዋል። የወፍ ኩሱም መመሪያውን አክብሮ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል። እንቅልፍ የሚነሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምስጢሩ በተፈታ ዕለት ጽሕፈት ቤቱ ይዘጋል ይላል ደንቡ።

አንድ ቀን ጥንታዊ ጽሕፈት የተማረችው የእኅታቸው ልጅ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ቢሯቸው ገባች።

«አጎቴ፣ አነበብኩት!»

«ምኑን?»

«ድንጋዩን ነዋ! በእርጥብ ጨርቅ ወልወል ባደርገው ፍጥጥ ብሎ ወጣ።»

ኃላፊው በሩን ጥርቅም አደረጉት። «ቀስ በይ አንቺ ልጅ! ሰው ሰምቷል?»

«ኧረ አደባባዩ ጢም ብሏል! የበላይ አለቃዎም መጥተዋል።»

«ጉድ ፈላ! በእናትሽ፣ እንዳላየሽ ሁኚልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጎዳና ልታወጪኝ ነው?»

ግን ረፍዶ ነበር፤ ሁለቱም ወደ አደባባዩ ተጠሩ። የበላይ አለቃው ድንጋዩ ሥር ቆመው፣ «እስቲ ልጄ፣ አንብቢልን» አሉ። እሷም ጉሮሮዋን ጠራርጋ አነበበች፦

«ይህ ተራ ድንጋይ ነው። እዚህ አትገተሩ፤ ወደ ሥራችሁ ሂዱ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አለቃው የቢሮውን ቁልፍ ሊረከቡ እጃቸውን ዘረጉ። ኃላፊው ግን ደረታቸውን ነፉ።

«ክቡራን ሆይ! ምስጢሩ የት ተፈታ? ገና መጀመሩ ነው እንጂ! የጥንት ሰዎች ‹ሥራ› ያሉት ምን ይሆን? ከመካከላችን የሚያውቅ አለ?»

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። በእውነቱ የሚያውቅ አልነበረም። አለቃውም ጥቂት አሰቡና ለራሳቸውም ግራ ቢገባቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አጎቴ፣ የምርዎን ነው?» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ዝም ብለሽ አጨብጭቢ።»

ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ እዚያው ተቋቋመ፤ ኃላፊውም ሰብሳቢ ሆኑ። ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስም፣ ለጥንቃቄ ሲባል፣ ማንም ሰው ወደ ሥራ እንዳይሄድ ታዘዘ።