የአባቴ እግርና የወፍ ገመዱ

ሰው እንደ ሕመም የሚጠላው ነገር የለም። ሳንቀጥረው ቀን ከሌት የሚጠብቀን ዘበኛ መሆኑ የሚገባን ግን ጥሎን የሄደ ዕለት ነው።

እኔ ወረታ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ነርቭ የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሰውነታችን ከአንጎል እስከ እግር ጣት በስስ ክሮች የተያያዘ መሆኑን አውጃለሁ፤ ክሮቹን እኔ የዘረጋኋቸው ነው የሚመስለው። ይህን ሁሉ ሊቅነት መሬት ያወረደው ታዲያ የገዛ አባቴ እግር ነው።

አባቴ ከወረታ ወጣ ብላ ባለችው ቁሐር ሚካኤል በምትባል ቀበሌ ሩዝ ያርሳል። ባለፈው ክረምት ከውሃ ውስጥ ሲያርም ውሎ ገብቶ እናቴ እግሩን ስታጥበው፣ ሚስማር የሚያህል እሾህ ተረከዙ ውስጥ ተሰክቶ አገኘች። የጮኸችው እሷ ናት። እሱማ ምን ሁነሽ ነው ብሎ ደነገጠላት።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ብለምነው፣ ካላመመኝ ምን ብዬ ልታከም አለኝ። በሽታው አለማመሙ ነው! ሳይሰማው ቆስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ እግሩን እንዳያጣ ፈራሁ፤ የምሬን ነው፣ በጣም ፈራሁ። የመጽሐፌን ቃላት ብደረድርለት አዛጋ።

በመጨረሻ ያዳነኝ ወፍ ነው። ሩዙ ሲያሸት ከማማው እስከ ማሳው ዳር ገመድ ይዘረጋና ባዶ ጣሳ ይታሰርበታል፤ ገመዱን ከወዲህ ሲስቡት ጣሳው ከወዲያ ይንኳኳል፣ ወፉም ይበራል። ነርቭ ማለት ያ ገመድ ነው አልኩት፤ እሾሁ እግርህ ላይ ሆኖ ይስባል፣ ጣሳው ራስህ ውስጥ ይንኳኳል። አባቴ፣ እንዲያ ከሆነ ገመዱ ተበጥሷላ ብሎ ተነስቶ ጫማውን አደረገ። ከተማሪዎቼ አንዱም እንዲህ ቶሎ ገብቶት አያውቅም።

ከእናቴ ጋር ሦስታችንም ወረታ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ የስኳር በሽታ ነርቩን ጎድቶት እንዳይሆን ጠርጥራ፣ አባባ ዓይንዎን ይጨፍኑና ስነካዎት ይንገሩኝ አለችው። ሹል ነገር ይዛ ተረከዙን ነካች። ተሰማኝ አለ። ጣቱን ነካች። ተሰማኝ። አንዴ እንኳ አልሳተም! ነርሷ እግራቸው ደህና ነው ብላ ልትሸኘን ስትል እኔ በሃፍረት ቀለጥኩ። ተከራክሬ ያመጣሁት ሰውዬ ከእኔ የተሻለ ነርቭ ነበረው ማለት ነው?

ነገሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ይዛለች። ነርሷ በነካችው ቁጥር ፊቷን ቋጠር፣ እጁን ጭምቅ ታደርጋለች። እሱም ወዲያው ተሰማኝ ይላል።

ለነርሷ በጆሮዋ ነገርኳትና እናቴን ለምነን ከበር ውጭ አስቀመጥናት። ነርሷ እንደገና ተረከዙን ነካች፣ አውራ ጣቱን ነካች፣ ውስጥ እግሩን ነካች። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ በትዕግሥት ይጠብቃል። ቆየት ብሎ፣ ልጄ እስካሁን አልጀመርሽም እንዴ አላት።

ሦስት ጊዜ እንደነካችው ነግራው የደም ምርመራ ወረቀት መጻፍ ጀመረች። አባቴ ዓይኑን ገለጠ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ እኔን በትዝብት አየኝ። አንተ መምህር አይደለህም እንዴ አለኝ፤ ገመዱን ውጭ አስቀምጣችሁ ጣሳው ይንኳኳ ትላላችሁ?