ጋሽ ዘመም እና አራተኛው እርምጃ

ልጁ ጠባብ እንጨት ላይ ስትራመድ እያየ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ አባት ገና አልተወለደም።

ይህን የምትለው ትምህርት ለሚከብዳቸው ልጆች የእንቅስቃሴና የሚዛን ስፖርት የምታሠራ አንዲት አሰልጣኝ ናት። አዳራሹ ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚደረደሩትን ወላጆች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ታዝባለች። እግሩን የሚያወራጭ አይታለች፣ ጥፍሩን የሚበላ አይታለች፣ ዓይኑን ጨፍኖ "ሲያልቅ ንገሩኝ" የሚልም አይታለች። የሁሉም አለቃ ግን ክቡር ጋሽ ዘመም ናቸው።

ክቡርነታቸው በሙያቸው ግንበኛ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው አብረዋቸው የሚቀመጡት እናቶች ናቸው፤ ያለ ምክንያትም አላወጡላቸውም። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያቀኑ ይውላሉ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው እንጨቱ ላይ ስትወጣ ግን እሳቸው ራሳቸው ዘመም ይላሉ። ልጅቷ ወደ ግራ ካዘነበለች ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ካዘነበለች ወደ ግራ! በሩቁ በገመድ የሚስቧት ነው የሚመስለው። አንድ ቀን እንዲህ ሲሉ አጠገባቸው ያለችውን እናት ገፉ፣ እሷ ቀጣይዋን ገፋች፣ ጫፍ ላይ የነበሩት አያት ከነቦርሳቸው መሬት ላይ ተገኙ። ሁሉም ዞሮ አያቸው።

"እኔ እኮ ምንም አላልኩም!" አሉ ጋሽ ዘመም።

ይህች መፈክራቸው ናት። ደግሞ እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ልካቸውን አውጥተው እንጨቱ ላይ ሲያስቀምጡ እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አረፋውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ የታጠፈ ካርቶን ከእንጨቱ እግር ሥር ወሽቀው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ነገሩ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። ልጅቷ ከሰሌዳ ስትገለብጥ መስመር ይጠፋባታል፣ ፊደል ይምታታባታል። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ለማንኛውም ነገር "አልችልም" ማለት ጀምራለች። አሰልጣኟ ገና ስትመዘገብ ለአባቷ ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ "ንባቡን ከአስተማሪዋ ጋር ትሥራ። እኔ የምፈልገው 'እችላለሁ' የምትለው አንድ ነገር እንዲኖራት ነው።"

ያ አንድ ነገር እንጨቱን ብቻዋን ማቋረጥ ነበር፤ ስምንት እርምጃ። ሁለት ወር ሙሉ ታዲያ አራተኛው ላይ ትወድቃለች። አምስተኛ የሚባል የለም! አንድ ቀን ጭራሽ ሳትወጣበት "አልችልም" አለች።

አሰልጣኟ ግራ ሲገባት እንደምንም አግባብታ አወጣቻትና በስልኳ ቀረጸቻት። ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብላ አየችው፣ ደግማ አየችው፣ በሦስተኛው ከወንበሯ ብድግ አለች። ልጅቷ እኮ እንጨቱን አታይም! ዓይኗ ያለው አባቷ ላይ ነው። ትንሽ ወደ ግራ ስትል አባቷ ሊመልሷት ወደ ቀኝ ይጋደላሉ፤ እሷም እሳቸውን ተከትላ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ መሬት!

ውጭ ይቆዩ እንዳትላቸው ልጅቷ ያለ አባቷ ደጃፉንም አታልፍ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ስልኩን ሰጠቻቸው። አይተው ሲጨርሱ "እኔ እኮ ምንም..." ብለው ጀመሩና አቋረጡት።

"እኔ ነኝ የምጥላት?"

"ስለምታምንዎት ነው እኮ፣ ጋሼ።"

ጋሽ ዘመም ተነሡና ከአግዳሚው ጀርባ ሄደው፣ እንደተቀጣ ተማሪ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አባዬ፣ እያየኸኝ ነው?" አለች ልጅቷ እንጨቱ ጫፍ ላይ ቆማ።

"አላይሽም። ግን አለሁ።"

አንድ። ሁለት። ሦስት። አግዳሚው ላይ የሚተነፍስ ጠፋ። አራት ላይ አዘነበለች፤ የአባቷን ፊት ፈለገች፣ አጣችው። እጆቿን ዘረጋች። እግሯን አየች። ተመለሰች! አምስት! ስድስት! አሰልጣኟ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ሰባት! ስምንት!

እናቶቹ ሊያጨበጭቡ ሲሉ ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘቻቸው። ጋሽ ዘመም ግድግዳው ላይ አፍጥጠው፣ ኮቴዋ ሲጠፋባቸው ጊዜ ወደ ቀኝ ዘመም፣ ጨንቋቸው ደግሞ ይበልጥ ዘመም ይላሉ። ልጅቷ በእግሯ ጣቶች እየተራመደች ከኋላቸው ደረሰች፤ ወገባቸውን በሁለት እጇ ይዛ አቀናቻቸው።

"አባዬ፣ ቀጥ በል። ጨርሻለሁ እኮ!"

ልጅቷ አሁን በሌላ ቀን ሌላ አሰልጣኝ ከሚያሠራቸው ትልልቆች ጋር ነው የምትሠራው፤ አባቷም አብረዋት ሄደዋል። አግዳሚው ሰላም አግኝቷል፣ አያትየውም ከመውደቅ ድነዋል። አሰልጣኟ ሁለት ሳምንት ያን ሰላም ቻለችው። በሦስተኛው ስልክ አነሣች።

"ጋሼ፣ ከአግዳሚው ጀርባ ያለው ግድግዳ የተሰነጠቀ መሰለኝ። መጥተው ቢያዩልኝ?"

"ቲቸር፣ ያን ግድግዳ እኮ አፍንጫዬን አስደግፌ ነው ያየሁት። አንድም ስንጥቅ የለውም።"

"ስለዚህ አይመጡም?"

"ኧረ ነገ እመጣለሁ!"