ሰው የጠፋበት ፍል ውሃ

ማታ ባየሁት ሕልም እስካሁን ወገቤን ያመኛል። ጥፋቱ የጋሽ ቦጋለ ነው። ከእኔ በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ የሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። አመሻሹ ላይ እሳቸው ቤት ቴሌቪዥን ስናይ፣ ጃፓኖች በበረዶ ተራራ ላይ ሲንሸራተቱ ውለው ፍል ውሃ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተዘፍዝፈው ታዩ። እኛ ደግሞ ውሃ ከጠፋብን ሃያ አንድ ቀን ሆኖናል፤ ጄሪካን ተሸክሜ አራት ፎቅ ስወጣ ወገቤ የእኔ መሆኑ ቀርቷል። ቤቴ ገብቼ እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ ቧንቧውን ከፍቼ ተውኩት፤ ውሃው ሲመጣ ጮሆ እንዲቀሰቅሰኝ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ትሪ ደፋሁ። ፍራሼን ወጥ ቤቱ በር ላይ አንጥፌ ተኛሁ።

ወዲያው ጃፓን ነበርኩ። ቢጫዋ ጄሪካኔም አብራኝ መጥታለች።

በረዶው ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንብ ነበር። የተነፋ ዱቄት ይመስላል፤ ቀሚሴን ከሥር ገልቦ ያልፋል። ሰው እግሩ ላይ አስሮ በረዶ ላይ የሚንሸራተትባቸው ሸርተቴዎች ተሰልፈው ሰው ይጫማሉ። አንዱ ሸርተቴ ለካኝና ለጓደኛው፣ “ይቺ ጉልበቷ አልቋል፤ ግን ለዛሬ ትሁነን” አለው። ተጫምተውኝ ሽቅብ ተንሸራተቱ። ሽቅቡ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ቁልቁለቱ ነው። ሌላ አገር በሽቦ ተንጠልጥለው ሰው የሚያመላልሱት ወንበሮች፣ እዚያ አገር ሰው ነው አዝሏቸው የሚወርደው። የእኔ ወንበር ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶት አንኮራፋ። ለምን እንዲህ ይሆናል ብዬ ለመጠየቅ እንኳን ደከመኝ።

ተራራው ሥር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለች፤ ከጓሮዋ እንፋሎት ይወጣል። እዚያ ብቻ ልድረስ፣ ወገቤን አንዴ ልንከረው እያልኩ ወረድኩ። በሩ ላይ ውሃው ተሰልፏል። ትኩስ ውሃ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሰው ይጠብቃል።

ፊት ለፊቱ ጋሽ ቦጋለ የጃፓን ካባ ለብሰው ቆመዋል። ስብሰባ ላይ በሚያወጡት ድምፅ ለውሃው ያስረዳሉ፦ ሰው የተቋረጠው ለጥገና ነው፣ ነገ ይለቀቃል ተብሏል፣ ትዕግሥት ይኑረን። ውሃው አጉረመረመ። ሰው ካየን ሦስት ሳምንታችን ነው፣ ትናንትም ነገ ብላችሁን ነበር፣ የላይኛው ሰፈር ውሃ በየቀኑ ሰው ያገኛል አለ። እውነቱን ነው። አሳዘነኝ።

“ጋሼ፣ ይኸው እኔ ሰው ነኝ፤ ልግባ” አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “ደክሞሻል?”

“ሞቻለሁ።”

“እንግዲያው አይቻልም። ማረፊያ ላረፈ ሰው ነው። ሂጂና ዐርፈሽ ነይ።”

ይህን ጊዜ ከተራራው ማዶ ትሪ ሲደበደብ ተሰማ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ድምፁን አወቅኩት፤ የራሴ ትሪ ነው። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ የጠበቅኩት ድምፅ ነው፤ መነሳት እንዳለብኝም አወቅኩ። ግን ፍል ውሃው ጋ ለመድረስ ሁለት ክንድ ቀርቶኛል። ትሪው ይጩህ፣ እግሬን ብቻ ልንከር አልኩ። ውሃውም፣ “ይተዋት፣ ትግባ” አለና ሰልፉን ጥሶ ጋሽ ቦጋለን ገፈተራቸው። እግሬን ሰደድኩ።

ቀዝቃዛ ነው።

ነቃሁ። ነግቷል። እግሬ ከፍራሹ ወርዶ ውሃ ውስጥ ነው፤ ነጠላ ጫማዬ ወደ በሩ እየዋኘ ነው። ትሪው ተንሸራቶ የእቃ ማጠቢያውን ቀዳዳ ደፍኖታል። ዘልዬ ጄሪካኔን ቧንቧው ሥር ስደቅን፣ ቧንቧው ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ቦጋለ ናቸው፤ የደረቡት ጋቢ ውሃ ያንጠባጥባል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

“ውሃው እኔ ቤት ነው ያለው” አሉ፣ በዚያው በስብሰባ ድምፃቸው። “ቶሎ ጄሪካንሽን ይዘሽ ውረጂ፤ ከኮርኒሱ መውረዱን ሳያቆም።”