ከዩሪያው ሃምሳ አራት በመቶ ጠፋ ተብሎ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ግንቦት 12፤ ለ9 ሰዓት ተጠርቶ በ9፡40 የተጀመረ።
ቦታ፦ የሰፈሩ አትክልተኞች ማኅበር መጋዘን፣ የማዳበሪያ ከረጢቶች ላይ።
የተገኙ አባላት፦ ሊቀመንበሩ (ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር)፣ ተቆጣጣሪው (ልብስ ሰፊ) እና ጸሐፊው።
ተጠርተው የመጡ፦ የመጋዘን ኃላፊዋ፤ እንዲሁም የኬሚስትሪ አስተማሪዋ፣ የጸሐፊው የእህት ልጅ።
ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስቱ ሦስቱ በመገኘታቸው ተሟልቷል። ሊቀመንበሩ አንቀላፍተው የነበረ ቢሆንም ደንቡ ስለ መንቃት የሚለው ነገር የለም።

አጀንዳ 1፦ የመጋዘን ኃላፊዋን ከሥራ ስለ ማንሳት

ተቆጣጣሪው የዩሪያ ማዳበሪያው ከረጢት ላይ «ናይትሮጅን 46 በመቶ» የሚል ማንበባቸውን ገልጸው ቀሪው 54 የት እንደ ገባ ጠየቁ። ኃላፊዋ ከረጢቱ እንደ ታሸገ መሆኑን አስረዱ። ተቆጣጣሪው፣ «እትዬ፣ የሙሉ ሱፍ ጨርቅ ተቀብዬ አንድ እግር ሱሪ ባስረክብዎ ዝም ይሉኛል?» አሉ። ኃላፊዋም፣ «የእኔን ቀሚስ እጅጌውን መች አመጣህና!» ሲሉ መለሱ። ይህ ከአጀንዳ ውጪ ነው ተብሎ ታለፈ። ከረጅም ውይይት በኋላ የመጋዘኑ ቁልፍ ለጊዜው በሊቀመንበሩ ኪስ እንዲገባ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የባለሙያ ማብራሪያ

አስተማሪዋ በሩ ላይ በጠመኔ ጻፈች። በዩሪያ ውስጥ ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16፣ ናይትሮጅን 28፣ ሃይድሮጅን 4 ይመዝናሉ፤ ድምሩ 60። እያንዳንዱ ለ60 ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ ካርቦን 20፣ ኦክስጅን 26.7፣ ናይትሮጅን 46.7፣ ሃይድሮጅን 6.7 በመቶ ይሆናል። ፋብሪካው ለእርጥበት ትንሽ ቀንሶ 46 ይላል እንጂ የጎደለ ነገር የለም።

ኃላፊዋ እጃቸውን ወደ ሊቀመንበሩ ኪስ ዘረጉ። ተቆጣጣሪው ግን አራቱን ደምረው 100.1 በማግኘታቸው፣ «ቅድም ጎደለ፣ አሁን ደግሞ ተረፈ! ይቺ ትርፍ ከማን ከረጢት መጣች?» ሲሉ ጠየቁ።

አስተማሪዋ፣ «ጋሼ፣ አጠጋግቼው እኮ ነው! 26.666 እያለ ይሄዳል፤ ስድስቱ አያልቅም» አለች። ተቆጣጣሪው ያላለቀ ነገር ለስብሰባ መቅረቡን በጽኑ ተቃወሙ። በዚህ ጊዜ የነቁት ሊቀመንበሩ፣ በእሳቸው ዘመን ትርፍ የጫነ ይቀጣ እንደ ነበር አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ስድስቶቹ ተቆጥረው እስኪያልቁ ኃላፊዋ እንዲታገዱ፣ መጋዘኑንም ተቆጣጣሪው እንዲረከቡ በሁለት ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው ድምፅ ያልሰጠው እየጻፈ ስለ ነበር ነው።

አጀንዳ 3፦ ርክክብ

ኃላፊዋ፣ «እሺ፣ ተረከበኝ። ግን በወሰናችሁት ልክ ፈርም፦ መቶ ነጥብ አንድ በመቶ፣ ከነማያልቁት ስድስቶች። ነገ አንዷ ብትጎድል ከአንተ ራስ አልወርድም» አሉ። ተቆጣጣሪው የብዕሩን ክዳን ከፈቱ፤ መልሰውም ከደኑት። ቤት የተከመረ ስፌት እንዳለባቸውም ለጉባኤው አስታወቁ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጀንዳ 1 ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ዩሪያው መቶ በመቶ ነው። ቁልፉ ለኃላፊዋ ተመልሷል። ስብሰባው እንዳልተደረገ እንዲቆጠር ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወስኖ፣ ጸሐፊው ይህንኑ በዝርዝር እንዲመዘግብ አዟል።

ጉባኤው 11፡15 ላይ አበቃ። የመዝጊያ ንግግር ያደረጉት የመጋዘን ኃላፊዋ ሲሆኑ፣ «በሉ ከከረጢቴ ላይ ተነሱልኝ» ብለዋል።